ሰው ሳያይ በማለዳ

አሥራ ሁለት ሴቶች ነን። በወር አንድ ጊዜ በአንዳችን ቤት ተሰብስበን፣ በአንድ የጥንት ሮማዊ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ስም ማኅበር እንጠጣለን። ይህን ለሰው ስናገር መጀመሪያ የምጠየቀው ስለ ቅዱሱ አይደለም፤ «ካቶሊክ ነሽ እንዴ? ሐበሻ ካቶሊክ አለ?» ነው። አለን፣ ከድሮም አለን። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ስኖር ይህን ያልጠየቀኝ ሐበሻ ካለ ቸኩሎ የነበረ ሰው ነው። የቅዱሱን ስም ከሮም፣ ጽዋውንና ተራውን ከኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችን ወስደን ነው ማኅበሩን ያቆምነው፤ እስካሁን የከሰሰን የለም።

የማኅበሩ ሙሴ እኔ ነኝ። ሙሴ ማለት ተራ የምታስጠብቅ፣ የቀረችውን የምትቆጣ፣ የተኳረፉትን የምታስታርቅ ናት፤ ከሦስቱ መቆጣቱ ይቀናኛል። ባለ ተራዋ ካበላችን በኋላ ጽዋውን ለሚቀጥለዋ ታስረክባለች። የተቀበለችው ቤቷ ይዛው ትሄዳለች፤ በሚቀጥለው ወር ሁላችንንም ከነባልና ልጆቻችን ታበላለች ማለት ነው። ጽዋ ተቀብሎ አላበላም የሚባል ነገር አልተሰማም። የታመመች እንደምንም ትነሳለች፣ ሥራ የበዛባት ሺፍቷን ትቀይራለች። ደግሞ ማንም ከማንም ማነስ ስለማይፈልግ ዶሮው፣ ክትፎው፣ ላዛኛው ይደረደራል። በቅዱስ ስም የተጀመረ ነገር የወጥ ውድድር ሲሆን እያየሁ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ምን ልዋሽ፣ ከሚያሸንፉት አንዷ ነበርኩ።

ከጸሎት በኋላ የቅዱሱን ሕይወት የማነበውም እኔው ነኝ። ቄሳችን ከጣልያንኛ የተረጎሙልን አራት ገጽ ወረቀት አለኝ፤ አንደኛው ገጽ ላይ ሽሮ ፈሶበታል። ሰውየው ከሀብታም ቤት ተወልደው የሮም ከተማ ሹም ለመሆን የበቁ ነበሩ። ሹመቱን ትተው መነኮሱ፤ የአባታቸውንም ቤት ገዳም አደረጉት። እናታቸው የተቀቀለ ጥራጥሬ በብር ሳህን ይልኩላቸው ነበር አሉ። አንድ ቀን መርከብ ሰጥሞበት የተረፈ ሰው መጥቶ ሲለምናቸው፣ ሌላ የሚሰጡት ቢያጡ ያንኑ የእናታቸውን ሳህን ሰጡት። እዚህ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ የማስበው እናትየውን ነው። «ሳህኔስ?» ሳይሉ አይቀሩም።

በኋላ ሳይወዱ በግድ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሆኑ። ጨጓራቸው አላስበላ የሚላቸው ሰው፣ የከተማውን ድኃ ስም በመዝገብ አስጽፈው ሲያበሉ ኖሩ። በየቀኑ አሥራ ሁለት ድኃ ከማዕዳቸው ያስቀምጡ ነበር፤ እኛም አሥራ ሁለት የሆንነው በዚያ ምክንያት ነው። ከደህና ቤት ወድቀው መለመን ለሚያፍሩት ደግሞ እሳቸው ገና ሳይጎርሱ ከራሳቸው ማዕድ ሳህን ይልኩላቸው ነበር። ይህን ስናነብ ሁላችንም ራሳችንን እንነቀንቃለን። ከመሃላችን ድኃ አለች ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም።

ከአሥራ ሁለታችን አንዷ የምትኖረው ከወንዙ ማዶ፣ አሌክሳንድሪያ የምትባል ከተማ ነው። እኩያዬ ናት። ለብዙ ዓመት ሆቴል ውስጥ ክፍል ስታጸዳ ኖራለች። አንድ ልጅ አላት፤ እሱም አገር ቤት በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ይነዳል። ባለፈው ጥቅምት ጽዋ የምትቀበለው እሷ ነበረች፤ ጉልበቴን አሞኛል ብላ ቴክስት ላከችና ቀረች። በኅዳርም ቀረች። ተራው ተዛባ፣ ጽዋው እኔ ቤት ቁም ሳጥን ላይ ተቀመጠ፣ እኔም በሽቄ ለተገኘው ሁሉ አወራሁ። አንዷ ተቀይማ ይሆናል አለች፤ ሌላዋ ጴንጤ ሆናለች ብላ ገመተች። ጉልበቷን አሟት ይሆናል ያለ አልነበረም።

አንድ ሐሙስ ቤልትስቪል የምትኖረው የማኅበራችን አባል ኮል አደረገችልኝ። ባሏ ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። አሌክሳንድሪያ ጉዳይ ኖሯቸው ሲያልፉ፣ አንድ የፈረንጅ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ በካርቶን ምግብ ለመቀበል ከተሰለፈው ሰው መሃል እሷን አይተዋል። እሷም አይታቸው ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሰውየው ለማንም እንዳትነግሪ ብለው ለሚስታቸው ነገሩ፤ ሚስትየዋም ለማንም እንዳትነግሪ ብላ ለእኔ ነገረችኝ። እኔ ለማንም አልነገርኩም።

ክው ነው ያልኩት። ስልኩን እንደያዝኩ ቁም ሳጥኑ ላይ ያለውን ጽዋ አየሁና ነገሩ ሁሉ ገባኝ። ያንን ጽዋ መቀበል እኛን ሁሉ ማብላት ነበር፤ በምን ታበላናለች? በራሴ ተናደድኩ። በዚያው ቅጽበት ግን፣ ይህ የእኔ ነገር ነው፣ መላውን አገኘሁት ብዬ ደስ አለኝ። ማኅበሩ አይሰማም፣ ማንም አያውቅም። እኔ ሳልቀምስ ከራሴ ማዕድ እንደ ቅዱሱ እልክላታለሁ። ቅዱሱ በሎሌ ልከው ነበር፤ እኔ ሎሌ ስለሌለኝ ራሴ ወስጄ እሰጣታለሁ አልኩ።

ቅዳሜ ከሥራ ስመለስ ምንቸት አብሹንም አልጫውንም ሠርቼ፣ እሁድ ከቅዳሴ በፊት እንድናደርስላት ከቤልትስቪሏ ጋር ተስማማን። የአሌክሳንድሪያዋ አፓርትመንት ሐበሻ የሞላበት ሕንፃ ነው። በቀን ምግብ ተሸክመን ብንገባ አሳንሰሩ ውስጥ ብቻ ሦስት ሰው «ምን ተገኘ?» ይለናል። ስለዚህ ሰው ሳይነሳ፣ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እንድረስ ያልኩት እኔ ነኝ። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ከራሴ ጠብቄ ስለማላውቅ፣ በቤልትዌይ አውራ ጎዳና ወንዙን ተሻግረን ስንሄድ መኪና ውስጥ ኮራ ብዬ ነበር።

ብርድ ነበር። እኔና የቤልትስቪሏ ካፖርታችን ላይ ነጠላ ደርበን፣ ነፋሱ አላስቆም ሲለን አንገታችን ድረስ ሳብነው፤ ጥለቱ ወደ ላይ ሆነ። መኪናውን የነዱልን ሽማግሌው ባሏ ጥቁር ካፖርትና ባርኔጣ አድርገው በሯ ላይ ከፊት ቆሙ። እኔ በፎይል የተሸፈነውን ትልቁን የአሉሚኒየም ትሬይ በሁለት እጄ ይዣለሁ። ጎረቤት እንዳይሰማ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። በሩንም ቀስ ብለን ነው ያንኳኳነው። ሲከፈት ሽማግሌው እንደ ጨዋ ሰው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

እስቲ አሁን እንደ እሷ ሆናችሁ እዩን። ልጇ መንገድ ላይ የሚውል የሚያድር ነው። ጎህ ሲቀድ ሦስት ሰው፣ አንድ ሽማግሌ ያለበት፣ ነጠላውን በሐዘን ደንብ የለበሰ፣ ባርኔጣውን ያወለቀ፣ የልቅሶ ቤት ምግብ የያዘ፣ ዝም ብሎ በሯ ላይ ቆሟል። ይህን ፈረንጅ ቢያየው እንግዳ መጣ ይላል። እሷ ግን አንድ በአንድ አየችን፣ ትሬዩን አየች፣ ከዚያ በቀስታ «ልጄ ነው?» አለች።

«ኧረ ማንም አልሞተም» አልኳት።

ከዚህ የባሰ ነገር ልናገር አልችልም ነበር። እኔ ራሴ እዚህ አገር ስንት ሰው ቤት በማለዳ መርዶ ይዤ ሄጃለሁ፤ ስንቱን «ምንም የለም፣ ትንሽ አሞት ነው፣ እስቲ ቁጭ በይ» ብዬ ዋሽቻለሁ። ደንቡ ነው። የሞተበት ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ማንም አልሞተም የሚለውን ነው። እሷም በተራዋ ሌሎች ቤት ሄዳ እንዲሁ ብላለች። እግሯ ከዳትና በሩ ሥር ወደቀች። እኔ በእመቤታችን ምዬ ስገዘት፣ እሷ ይበልጥ ጮኸች። በማርያም እየማልን መርዶ የደበቅንበትን ጊዜ ሁለታችንም እናውቃለን።

ከዚያ በኋላ ማንም አላዘዘንም፣ ሁሉ በደንቡ ሄደ። ጩኸቱን የሰማ ሐበሻ ከየፎቁ በነጠላ ጫማ ወረደ። ወንበር ከየቤቱ መጣ፣ ሴቶቹ አብረዋት ማልቀስ ጀመሩ፣ አንድ ሰው የሟቹን ዕድሜ ጠየቀኝ። ማንም አልሞተም ብዬ ስመልስለት፣ ገብቶኛል በሚል ዓይን አይቶኝ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ሽማግሌው መስኮቱ አጠገብ ቆመው በእሷ ስልክ ልጁ ጋ ደጋግመው ቢደውሉ፣ ስልኩ ከአገልግሎት ክልል ውጪ ነው ይላል። ያም ለለቀስተኛው ማረጋገጫ ሆነለት።

ከላይኛው ፎቅ የወረደች አንዲት ቀልጣፋ ሴት ትሬዩን ምንጣፉ ላይ አይታ፣ ሰው እንዳይረግጠው ብላ አንስታ ወደ ኪችን ወሰደችው። ኪችኑና ሳሎኑ አንድ ናቸው። ፍሪጁን ከፈተች። የአሌክሳንድሪያዋ ከሁሉም የባሰ የጮኸችው ያን ጊዜ ነው፤ አብሯት የሚያለቅሰውም ድምፁን ጨመረ። ፍሪጁ ውስጥ አንድ ጠርሙስ ውሃ፣ የኢንሱሊን ካርቶን፣ በፌስታል የተጠቀለለ ግማሽ ሽንኩርት ነበር። ሴትየዋ ትሬዩን እንደያዘች ቆም አለች። ከዚያ አስገባችው። ቦታ ማስለቀቅ አላስፈለጋትም። አጠገቡ የነበርነው ሁሉ አየን።

እኩለ ቀን ላይ ልጁ ራሱ ደወለ። ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ጭነት ሲያራግፍ ውሎ፣ ከአሜሪካ ይህን ሁሉ ጊዜ ተደውሎለት ሲያይ ደንግጧል፤ እሱ ደግሞ እናቴ ሞተች ብሎ ነው። ስፒከር ላይ ተደርጎ ድምፁ ሲሰማ ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ሳቁም፣ መተቃቀፉም፣ እንዲህ ያለ ጉድ ታይቶ አይታወቅም መባባሉም መጣ። እሷ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ «አለህ? አለህ?» ብቻ ትል ነበር።

ሰው ግን አንድ ጊዜ ያየውን አላየሁም አይልም። ማልቀሱ ቀርቶ ወደ ፍሪጁ ዞሩ። አንዱ አናንዴል የሐበሻ ሱቅ ሄዶ ጤፍ በከረጢት ይዞ መጣ፣ ሌላው ሥጋ፣ ሌላዋ ወተትና እንቁላል። ማታ የማኅበሩ የስልክ ግሩፕ ላይ ፎቶ ተለጠፈ፤ ፍሪጁ እስከ አፉ ሞልቶ፣ በሩ ተከፍቶ፣ ከሥሩ ብዙ የምስጋና ጸሎት ተጽፎበት። የቀረብንን ቅዳሴ እዚሁ ቀደስነው ያለችም ነበረች። እኔም ጣቴን ሰድጄ የልብ ምልክት አደረግኩበት። ደስ ብሎኝ ነው የተኛሁት።

በማግስቱ የአሌክሳንድሪያዋ ከግሩፑ ወጣች። ስደውል አታነሳም። ቤተ ክርስቲያን አልመጣችም፣ በገናም አልመጣችም። ከአሌክሳንድሪያ የሚመጣ አንድ ሰው ደህና ናት፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል አይቻታለሁ አለኝ። እኔ መጀመሪያ ተጨነቅኩ፣ ቀጥሎ ተናደድኩ። ያን ያህል ሠርተንላት፣ ያን ያህል ሞልተንላት አልኩ። ለባሌ አልኩ፣ ለቤልትስቪሏ አልኩ፣ ሥራ ቦታ የበሽተኛ ምግብ ስደረድር ለራሴም አልኩ። መቼም ቆጥሬ አልጨርሰውም ያልኩትን።

በየካቲት ማኅበር ወረቀቱን ሳነብ የመጨረሻው ገጽ ላይ ደረስኩ። ያንን ገጽ በወር በወር አነበው ነበር፤ ምግቡ እንዳይቀዘቅዝ እየተቻኮልኩ። በሮም ከተማ አንዲት ጠባብ መንደር ውስጥ አንድ ድኃ በረሃብ ሞቶ ተገኘ ይላል። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ይህን ሲሰሙ ሰውየውን በገዛ እጃቸው የገደሉት ያህል አዘኑ፤ ለተወሰኑ ቀናት ወደ መሠዊያው አልቀረቡም። እዚያ ላይ ቆምኩና መስመሩን እንደገና ከመጀመሪያው አነበብኩት። አንዲቷ ውሃ አቀበለችኝ፤ ጉሮሮዬን የከረከረኝ መስሏት ነው።

ቅዱሱ ድኃውን አያውቁትም እኮ። አላወቅኩም ነበር ማለት ይችሉ ነበር፤ እኛ ስንት ጊዜ ብለነዋል። ለምን አልነገረችንም ነው ያልነው፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ጥፋቱን በእሷ ላይ ነው የጣልነው። እሳቸው ግን አለማወቃቸውን እንደ ጥፋት ቆጠሩት። እኛ ደግሞ ያወቅን ቀን ሕንፃውን ሙሉ ቀስቅሰን ባዶ ፍሪጇን አሳየንባት። ለመጀመሪያ ጊዜ አፈርኩ፤ ከልቤ አፈርኩ።

ማክሰኞ ከሥራ እንደወጣሁ ከነዩኒፎርሜ፣ ብቻዬን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሄድኩ። ባዶ እጄን ነበር የሄድኩት። ይህን ለማድረግ ምን ያህል እንደታገልኩ የሚያውቅ የሰው ቤት ሄዶ የሚያውቅ ሐበሻ ብቻ ነው። ሁለት ሱቅ ፓርኪንግ ውስጥ ገብቼ ወጥቻለሁ፤ ብርቱካን እንኳ ልያዝ፣ አይ፣ አልይዝም እያልኩ። በሩን ከፍታ መጀመሪያ ያየችው እጄን ነው። ከዚያ ግቢ አለችኝ።

ሻይ አፈላች። ዲሳቢሊቲ የሚባለውን የመንግሥት ድጎማ አፕላይ አድርጋ መልስ እየጠበቀች መሆኗን፣ ጉልበቷን ኦፕሬሽን እንደሚያደርጓት፣ ልጇ እጮኛ እንደያዘ ነገረችኝ። እኔም ስለ እግሬ እብጠት አወራሁላት። ወሬው ሲያልቅ ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት። ለምኑ እንደሆነ መዘርዘር ጀምሬ ነበር፤ በእጇ አስቆመችኝ።

«አንቺን ተቀይሜ አይደለም የቀረሁት» አለች። «ልጄ ሞቷል ብዬ እዚህች ወለል ላይ ተዘርሬ ሳለሁ፣ ያቺ ሴትዮ ትሬዩን አንስታ ወደ ፍሪጁ ስትሄድ አየኋት። በዚያች ደቂቃ ልጄን ረሳሁት። አምላኬ እንዳትከፍተው፣ አምላኬ እንዳትከፍተው ነበር የምለው። የልጄን ነፍስ ማርልኝ እንኳ አላልኩም። ስትከፍተው የጮህኩትን እናንተ ለልጄ መስሏችሁ አብራችሁኝ አለቀሳችሁ። እኔ ምን ዓይነት እናት ነኝ? በምን አፌ ነው የምቆርበው?»

እግዚአብሔር ያውቃል፣ ማንም ቢሆን እንዲሁ ያደርጋል፣ የሚሉትን ሁሉ አሰብኩና ተውኩት። ለባሌም ለቄሱም ያልነገርኩት አንድ ነገር ነበረኝ፤ እሱን ነገርኳት። እግሯ ሲከዳት እያየኋት ነበር። እጄን ብዘረጋ እደርስባት ነበር። ግን ወጡ እንዳይደፋ መጀመሪያ ትሬዩን ቀጥ አድርጌ ምንጣፉ ላይ አስቀመጥኩ፤ ወደ እሷ የጎነበስኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ስኒዬን ስባ ሻይ ጨመረችልኝ።

«ወጡ ተደፍቶ ነበር?» አለች።

«ጠብ አላለም» አልኳት።